ያለፉ ጦርነቶችንና ተጋድሎዎችን በእንግሊዝኛ ሲገልጹ የሩቅ ኃላፊ ጊዜ አጠቃቀም

የኢትዮጵያን የጦርነትና የተጋድሎ ታሪክ በእንግሊዝኛ መጻፍ ወይም ከአማርኛ መተርጎም ለልዩ ልዩ አገልግሎቶች ያስፈልጋል። አስጎብኚዎች ለውጭ አገር ጎብኚዎች ገለጻ ያዘጋጃሉ፤ ሙዚየሞች ለቅርሶች መግለጫ ይጽፋሉ፤ ተርጓሚዎች የታሪክ ሰነዶችን ይተረጉማሉ፤ የአርበኞች ቤተሰቦች የአባቶቻቸውንና የእናቶቻቸውን የአገልግሎት ታሪክ በእንግሊዝኛ ያቀርባሉ፤ ተማሪዎችም በታሪክና በቋንቋ ትምህርት ስለ እነዚህ ሁነቶች ይጽፋሉ። ይህ ገጽ ለእነዚህ ተገልጋዮች የተዘጋጀ ሲሆን፣ በእንግሊዝኛ «ፓስት ፐርፌክት» የሚባለውን የሩቅ ኃላፊ ጊዜ አመሠራረት፣ ከአማርኛ ጋር ያለውን ዝምድናና በታሪክ ጽሑፍ ውስጥ ያለውን ተግባር ያብራራል። የእንግሊዝኛ ቃላት ለአነባበብ እንዲመቹ በኢትዮጵያ ፊደል ተጽፈዋል።

የግሥ ጊዜ አጠቃቀም የሰዋስው ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። በጦርነት ታሪክ ውስጥ «የትኛው ድርጊት ቀደመ?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ «ኃላፊነቱ የማን ነው?» ከሚለው ጥያቄ የማይለይ ነው። ማን አስቀድሞ ድንበር አልፎ ነበር፣ የትኛው ውል አስቀድሞ ፈርሶ ነበር፣ ማን ምን ዓይነት ግዴታ ገብቶ ነበር የሚሉት ነጥቦች በእንግሊዝኛ በአንዲት አጭር ቃል፣ ማለትም በ«ሃድ»፣ ይለያሉ። ቃሏ ስትቀር ቅደም ተከተሉ ይደበዝዛል፤ አለቦታዋ ስትገባም የታሪኩ ፍሰት ይዛባል።

1. ምንነትና አመሠራረት

የሩቅ ኃላፊ ጊዜ ባለፈ ጊዜ ከተፈጸመ አንድ ድርጊት ቀድሞ የተፈጸመን ሌላ ድርጊት ያመለክታል። በመሆኑም ብቻውን አይቆምም፤ ምንጊዜም የሚለካበት ሌላ ያለፈ ድርጊት ወይም የታወቀ ቀን ይፈልጋል። ይህ መለኪያ በዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ወይም ቀደም ሲል በተጻፈ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሊገኝ ይችላል።

አመሠራረቱ «ሃድ» የሚለውን ረዳት ግሥ አስቀድሞ፣ ዋናውን ግሥ በሦስተኛ ቅርጹ በማስከተል ነው። «ሃድ» በባለቤቱ መደብና ቁጥር አይለወጥም፤ ለአንድ ሰውም ለሠራዊትም አንድ ነው። አሉታው «ሃድ ኖት» ይሆናል። ድርጊቱ በባለቤቱ ላይ የተፈጸመ ሲሆን «ሃድ ቢን» ይባላል። ድርጊቱ ለተወሰነ ጊዜ ሲካሄድ የቆየ ከሆነ ደግሞ «ሃድ ቢን» ካለ በኋላ ግሡ በ«ኢንግ» የሚያልቀውን ቅርጽ ይይዛል።

በጦርነት ታሪክ ውስጥ ደጋግመው የሚመጡ ግሦች ሦስተኛ ቅርጻቸው መደበኛውን ሥርዓት ስለማይከተል በቃል መያዝ አለባቸው። ከእነዚህም መካከል፦

- መዋጋት፦ «ፋይት፣ ፎት፣ ፎት»
- ማሸነፍ፦ «ዊን፣ ዋን፣ ዋን»
- መሸነፍ ወይም ማጣት፦ «ሉዝ፣ ሎስት፣ ሎስት»
- መውደቅ፦ «ፎል፣ ፌል፣ ፎለን»
- ማፈግፈግ፦ «ዊዝድሮው፣ ዊዝድሩ፣ ዊዝድሮውን»
- መሸሽ፦ «ፍሊ፣ ፍሌድ፣ ፍሌድ»
- መምራት፦ «ሊድ፣ ሌድ፣ ሌድ»
- መጀመር፦ «ቢጊን፣ ቢጋን፣ ቢገን»

ሁለተኛውና ሦስተኛው ቅርጽ በሚለያዩባቸው ግሦች ላይ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ሃድ ፌል» ወይም «ሃድ ቢጋን» ስህተት ነው፤ ትክክለኛዎቹ «ሃድ ፎለን» እና «ሃድ ቢገን» ናቸው።

2. ከአማርኛው «ነበር» ጋር ያለው ዝምድና

አማርኛ የሩቅ ኃላፊ ጊዜን የሚገልጸው «ሄዶ ነበር»፣ «ተዋግተው ነበር»፣ «ተይዞ ነበር» በሚል ቅርጽ ነው። ከእንግሊዝኛው «ሃድ» ጋር በቀጥታ የሚገጥመው ይህ ነው። ሆኖም አማርኛ «ነበር»ን ለሌሎች አገልግሎቶችም ስለሚጠቀም፣ ተርጓሚው «ነበር» ባየ ቁጥር «ሃድ» ቢል ይሳሳታል። ዋና ዋናዎቹ ልዩነቶች የሚከተሉት ናቸው።

«ባልቻ ሳፎ በዐድዋ ጦርነት መድፈኛ ነበሩ» በሚለው ውስጥ «ነበሩ» ያለፈ ማንነትን ያመለክታል፤ በእንግሊዝኛ «ዋዝ» ይበቃል።

«አርበኞች በሌሊት ጥቃት ያደርሱ ነበር» ሲባል ድርጊቱ የተደጋገመ መሆኑን ይገልጻል፤ የሚገባው ተራ ኃላፊ ጊዜ ወይም «ዩዝድ ቱ» ነው።

«ሠራዊቱ ይጓዝ ነበር» ሲባል በዚያ ቅጽበት በመካሄድ ላይ የነበረ ድርጊትን ያሳያል፤ በእንግሊዝኛ «ዋዝ» ከ«ኢንግ» ጋር ይሆናል።

«ሠራዊቱ ሊዘምት ነበር» ታቅዶ ያልተፈጸመን ወይም ሊፈጸም የተቃረበን ድርጊት ይገልጻል። እዚህ ላይ «ሃድ» ቢገባ ያልተደረገ ዘመቻ እንደ ተደረገ ተቆጥሮ ይጻፋል።

በሌላ በኩል አማርኛ «ተሰልፎ፣ ተዋግቶ፣ ድል አደረገ» በማለት ድርጊቶችን በቅደም ተከተል ሲደረድር «ነበር» አይጨምርም፤ እንግሊዝኛውም ሦስቱንም ግሦች በተራ ኃላፊ ጊዜ ያስቀምጣል። ስለዚህ የትርጉም ሥራው ቃልን በቃል ከመተካት ሳይሆን፣ «ይህ ድርጊት ከየትኛው ድርጊት ይቀድማል?» ብሎ ከመጠየቅ መጀመር አለበት።

3. የሩቅ ኃላፊ ጊዜ የሚያስፈልግባቸው ሁኔታዎች

3.1 ሁለት ድርጊቶች በ«ዌን» ሲያያዙ

በእንግሊዝኛ ሁለት ተራ ኃላፊ ግሦች በ«ዌን» ሲያያዙ፣ ሁለተኛው ድርጊት ከመጀመሪያው ጋር አብሮ ወይም ወዲያው ተከትሎ እንደ ተፈጸመ ይነበባል። ለምሳሌ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከአዲስ አበባ የወጡት ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ሲሆን፣ የጣሊያን ጦር ወደ ከተማዋ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን ነው። ጸሐፊው «ጣሊያኖች ሲገቡ ንጉሠ ነገሥቱ ወጡ» ለማለት «ሌፍት» ቢጠቀም፣ አንባቢው ንጉሠ ነገሥቱ ጠላት ከተማዋን በያዘበት ሰዓት እንደ ወጡ ይረዳል። «ሃድ ሌፍት» ሲል ግን አስቀድመው ወጥተው እንደ ነበር ይታወቃል። የሦስቱ ቀናት ልዩነት በዚህች ቃል ላይ የተመሠረተ ነው።

የመቅደላው ታሪክ ከዚህ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አምባውን ጥሶ ሲገባ ዐፄ ቴዎድሮስ በገዛ ሽጉጣቸው ራሳቸውን ሠውተዋል። «ወታደሮቹ ሲደርሱ ቴዎድሮስ ሞቱ» የሚለው ሐሳብ በተራ ኃላፊ ጊዜ ብቻ ከተጻፈ፣ ታሪኩን የማያውቅ የውጭ አንባቢ ወታደሮቹ እንደ ገደሏቸው ሊረዳ ይችላል። «ሃድ ሾት ሂምሰልፍ» ሲባል ግን ወታደሮቹ አጠገባቸው ከመድረሳቸው በፊት ንጉሠ ነገሥቱ ውሳኔያቸውን በራሳቸው እጅ እንደ ፈጸሙ ግልጽ ይሆናል።

3.2 ግጭቱ ሲጀመር አስቀድሞ የነበረውን ሁኔታ ለማሳየት

የወልወል ግጭት ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. ተነሣ። አንድ መግለጫ ከዚህ ቀን ጀምሮ ቢተርክ፣ ሁለት ወገኖች በድንገት ተገናኝተው የተጋጩ ያስመስላል። እውነታው ግን ወልወል በኢትዮጵያ ግዛት ውስጥ ከድንበሩ ብዙ ገባ ብሎ የሚገኝ የውሃ ጉድጓዶች ስፍራ ሲሆን፣ ጣሊያን በ1930 እ.ኤ.አ. በዚያ ምሽግ ሠርታ ነበር። በእንግሊዝኛ «ሃድ ቢልት» የሚለው ሐረግ ምሽጉ ከግጭቱ በፊት የተሠራ መሆኑን ያሳውቃል። «ቢልት» ብቻ ከተባለና ዓመቱ ካልተጠቀሰ ምሽጉ የግጭቱ ውጤት ሊመስል ይችላል።

በተመሳሳይ ሁኔታ የአምባላጌ ውጊያ ኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. ሲደረግ የጣሊያን ጦር መረብን ተሻግሮ አዲግራትንና መቀሌን ይዞ ነበር። የዐፄ ምኒልክ ሠራዊት ወደ ሰሜን የዘመተው ይህ ከተፈጸመ በኋላ ነው። «ሃድ ኦልሬዲ ክሮስድ ዘ መረብ» የሚለው አገላለጽ ዘመቻው የመከላከል ዘመቻ እንደ ነበር፣ ተጨማሪ ማብራሪያ ሳያስፈልገው ያስረዳል። «ኦልሬዲ» ማለትም «አስቀድሞ» የሚለው ቃል በ«ሃድ» እና በዋናው ግሥ መካከል እንደሚገባ ልብ ሊባል ይገባል።

3.3 አስቀድሞ የተገባን ግዴታ ወይም የተሰረዘን ውል ለማመልከት

ጣሊያን መርዛማ ጋዝን በጦርነት መጠቀምን የሚከለክለውን የጄኔቫ ፕሮቶኮል በ1925 እ.ኤ.አ. ፈርማ በ1928 እ.ኤ.አ. አጽድቃ ነበር። ከታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. አንሥቶ የሰናፍጭ ጋዝ በኢትዮጵያውያን ላይ ስትጠቀም ግዴታውን ከገባች ዓመታት አልፈው ነበር። የዚህ ዓረፍተ ነገር ክብደት በ«ሃድ ሳይንድ» እና በ«ሃድ ራቲፋይድ» ላይ ያርፋል። ሁለቱም ግሦች በተራ ኃላፊ ጊዜ ቢጻፉና ዓመታቱ ቢዘለሉ፣ አንባቢው ጣሊያን ድርጊቱን ከፈጸመች በኋላ እንደ ፈረመች አድርጎ ሊገነዘብ ይችላል፤ ይህም ጥፋቱን ያቃልላል። እዚህ ላይ 1928 ዓ.ም. እና 1928 እ.ኤ.አ. የተለያዩ ዓመታት መሆናቸውም መታወቅ አለበት፤ ዝርዝሩ በክፍል 5 ቀርቧል።

የውጫሌ ውል ሌላው ምሳሌ ነው። ውሉ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ተፈረመ። በ17ኛው አንቀጽ የአማርኛው ቅጂ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በሚያደርጉት ግንኙነት የጣሊያንን መንግሥት አጋዥነት «ሊጠቀሙ ይችላሉ» የሚል መልእክት ሲኖረው፣ የጣሊያንኛው ቅጂ ግን ይህንኑ ግዴታ አደረገው። ዐፄ ምኒልክ ውሉን በ1893 እ.ኤ.አ. ሰረዙ። ስለዚህ የ1888ቱ ዘመቻ ሲጀመር ውሉ ተሰርዞ ነበር። ዋናው ትረካ ከዘመቻው ከተነሣ፣ የውሉ ስረዛ በ«ሃድ» ካልተገለጸ በስተቀር ኢትዮጵያ በጦርነቱ መካከል ውል ያፈረሰች ሊመስል ይችላል።

3.4 የቆየ ሁኔታን ለመግለጽ

አንድ ሁኔታ ከተወሰነ ጊዜ ጀምሮ ዘልቆ የነበረ መሆኑን ለማሳየት «ሲንስ» ከመነሻው ጊዜ ጋር፣ «ፎር» ደግሞ ከጊዜው ርዝመት ጋር ይመጣሉ። ጣሊያኖች ምጽዋን የያዙት በየካቲት ወር 1885 እ.ኤ.አ. ነው። ራስ አሉላ በጥር 1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ ድል ባደረጉ ጊዜ ጣሊያኖች ምጽዋን ከያዙ ሁለት ዓመት ሊሞላ ተቃርቦ ነበር፤ በመሆኑም «ሃድ ሄልድ ምጽዋ ሲንስ» ተብሎ ዓመቱ ይከተላል። ኢትዮጵያ የመንግሥታቱ ማኅበር አባል የሆነችው በ1923 እ.ኤ.አ. በመሆኑ፣ በመስከረም 1928 ዓ.ም. ስትወረር ለ12 ዓመታት አባል ሆና ቆይታ ነበር፤ እዚህ ላይ «ሃድ ቢን ኤ ሜምበር ፎር» ይባላል።

ድርጊቱ ያለማቋረጥ የተካሄደ ከሆነ የማያቋርጠው ቅርጽ ይመረጣል። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ አርበኞች ለአምስት ዓመታት ሲዋጉ ቆይተው ነበር፤ በእንግሊዝኛ «ሃድ ቢን ፋይቲንግ ፎር ፋይቭ ይርስ» ይሆናል። ከተማዋ ራሷም መጋቢት 28 ቀን ከጣሊያን እጅ ወጥታ ስለ ነበር፣ የንጉሠ ነገሥቱ መግባትና የከተማዋ ነጻ መውጣት በአንድ ቀን እንደ ተፈጸሙ ተደርጎ መጻፍ የለበትም።

3.5 «ከዚያ በፊት» ለማለት

«ከአርባ ዓመት በፊት» የሚለው የአማርኛ ሐረግ በእንግሊዝኛ ሁለት መልክ አለው። ቆጠራው ከዛሬ የሚጀምር ከሆነ «አጎ» የሚለው ቃል ከተራ ኃላፊ ጊዜ ጋር ይገባል። ቆጠራው ካለፈ ሁነት የሚጀምር ከሆነ ግን «ኧርሊየር» ወይም «ቢፎር» የሚለው ቃል ከሩቅ ኃላፊ ጊዜ ጋር ይመጣል። ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ በ1936 እ.ኤ.አ. ከወራሪው ጦር ጋር ሲዋጉ ወደቁ፤ ከዚያ አርባ ዓመት በፊት ዐድዋ ላይ ተዋግተው ነበር። የሁለተኛው ሐረግ ትክክለኛ መልክ «ሃድ ፎት አት ዐድዋ ፎርቲ ይርስ ኧርሊየር» ነው። «አጎ» ቢባል የዐድዋ ጦርነት ከዛሬ አርባ ዓመት በፊት የተደረገ ይሆናል።

3.6 ያልተፈጸመን ሁኔታ ለመገመት

አማርኛ «ባይሆን ኖሮ … በሆነ ነበር» የሚለውን እንግሊዝኛ በ«ኢፍ» ሐረግ ውስጥ «ሃድ»ን፣ በውጤቱ ሐረግ ውስጥ ደግሞ «ውድ ሃቭ»ን በማስገባት ይገልጻል። ለምሳሌ በ1888 ዓ.ም. የመቀሌው ምሽግ በተከበበ ጊዜ የውሃ ምንጮቹ ከቅጥሩ ውጭ ስለ ነበሩ በኢትዮጵያ ሠራዊት እጅ ገቡ፤ በምሽጉ የነበረውም ጦር በውሃ ጥም ተጨንቆ ስፍራውን ለቆ ወጣ። «ምንጮቹ ባይያዙ ኖሮ ከበባው በረዘመ ነበር» የሚለው ግን ግምት ነው። በሁለቱም ሐረጎች «ውድ ሃቭ» ማስገባት የተለመደ ስህተት ሲሆን፣ «ኢፍ» ባለበት ሐረግ ውስጥ «ሃድ» ብቻ ይገባል። እንዲህ ያለው አገላለጽ የጸሐፊውን አስተያየት የሚያሳይ በመሆኑ በቅርስ መግለጫና በአገልግሎት ማስረጃ ውስጥ ባይገባ ይመረጣል።

4. የሩቅ ኃላፊ ጊዜ የማያስፈልግባቸው ሁኔታዎች

ድርጊቶቹ በተፈጸሙበት ቅደም ተከተል ሲተረኩ ተራ ኃላፊ ጊዜ ይበቃል። «ሠራዊቱ ከአምባላጌ ወደ መቀሌ ተጓዘ፤ ምሽጉን ከበበ፤ ከዚያም ወደ ዐድዋ አመራ» የሚለው ትረካ አንድም «ሃድ» አይፈልግም።

«አፍተር» ወይም «ቢፎር» ቅደም ተከተሉን በግልጽ በሚያሳዩበት ጊዜ ተራ ኃላፊ ጊዜ መጠቀም ተቀባይነት አለው። «ሃድ» ማስገባትም ስህተት አይደለም፤ ነገር ግን ደጋግሞ ማስገባት ንባቡን ያከብደዋል።

ወደ ኋላ ተመልሶ ረዘም ያለ መነሻ የሚተርክ አንቀጽም በእያንዳንዱ ግሥ ላይ «ሃድ» አይፈልግም። በመጀመሪያዎቹ አንድ ወይም ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ወደ ኋላ መመለሱን ካሳየ በኋላ በተራ ኃላፊ ጊዜ መቀጠል ይቻላል። ትረካው ወደ ዋናው ጊዜ ሲመለስ ቀን ወይም የጊዜ አመልካች ቃል መጠቀስ አለበት።

ቀን የተወሰነለት ያለፈ ሁነት «ሃቭ» ወይም «ሃዝ» በሚል ረዳት ግሥ አይገለጽም። የአማርኛው «ድል አድርጋለች» ወደዚህ ቅርጽ ስለሚስብ «ኢትዮጵያ በ1888 ዓ.ም. ድል አድርጋለች» የሚለው ዓረፍተ ነገር ሲተረጎም ብዙ ጊዜ ይሳሳታል፤ ትክክለኛው ተራ ኃላፊ ጊዜ ነው።

5. የዘመን አቆጣጠር ልወጣ

የግሡ ጊዜ ትክክል ሆኖ ቀኑ ከተሳሳተ ጽሑፉ ራሱን ይቃረናል። ከመስከረም 1 ቀን እስከ ፈረንጆቹ ዓመት መጨረሻ ድረስ በኢትዮጵያ ዓመት ላይ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ድረስ 8 ይደመራል።

ይህን ልዩነት አለመጠበቅ የጦርነቶችን ቅደም ተከተል ይገለብጣል። አምባላጌ ኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ ዐድዋ ደግሞ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ናቸው። በትክክል ሲለወጡ የመጀመሪያው ዲሴምበር 7 ቀን 1895፣ ሁለተኛው ማርች 1 ቀን 1896 እ.ኤ.አ. ይሆናሉ። ለሁለቱም 8 ከተደመረ አምባላጌ በዲሴምበር 1896 ላይ ይወድቃል፤ ይህም ከዐድዋ ድል በኋላ ብቻ ሳይሆን በጥቅምት 1889 ዓ.ም. ከተፈረመው የአዲስ አበባ የሰላም ውልም በኋላ ማለት ነው። በተመሳሳይ ስሌት መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የጀመረው ወረራ ኦክቶበር 3 ቀን 1935 መሆኑ ቀርቶ በ1936 ቢጻፍ፣ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተደረገው የማይጨው ጦርነት በኋላ የመጣ ያስመስለዋል።

ሌላው መታወቅ ያለበት የአንድ ቀን ልዩነት ነው። ጦርነቱ የተካሄደበት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ማርች 1 ቀን 1896 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በአሁኑ ዘመን የካቲት 23 የሚውለው ማርች 2 ላይ ነው። ይህ የሆነው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር 1900 የሠግር ዓመት ስላልነበረ ነው። ስለዚህ የበዓሉ ቀንና የጦርነቱ ቀን በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ ተለይተው መጻፍ አለባቸው።

6. የቤተሰብን የተጋድሎ ታሪክ ማዘጋጀት

የአንድን አርበኛ ታሪክ በእንግሊዝኛ የሚያዘጋጅ ቤተሰብ በመጀመሪያ አንድ መለኪያ ቀን ቢመርጥ ሥራው ይቀልለታል። ለምሳሌ መለኪያው የማይጨው ጦርነት ከሆነ፣ ከዚያ በፊት የነበረው አገልግሎት በሩቅ ኃላፊ ጊዜ፣ ጦርነቱና ከዚያ በኋላ የመጣው የአርበኝነት ዘመን በተራ ኃላፊ ጊዜ ይጻፋሉ።

የደረሰ ጉዳት ሲገለጽም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ልጃቸው ወደ በረሃ ሲወጣ ቤታቸው ተቃጥሎ ነበር» የሚለው «ሃድ ቢን በርንድ» ሲባል፣ ቃጠሎው ልጁን ለአርበኝነት ካነሣሡት ምክንያቶች አንዱ ሊሆን እንደሚችል ያሳያል። «ዋዝ በርንድ» ከተባለ ግን ቃጠሎው ልጁ በመውጣቱ የተወሰደ የበቀል እርምጃ ሊመስል ይችላል። ሁለቱም ሁኔታዎች በታሪክ ሊደርሱ የሚችሉ በመሆናቸው፣ ትክክለኛውን የሚወስነው የቤተሰቡ ማስረጃ እንጂ የተርጓሚው ምርጫ መሆን የለበትም። ቅደም ተከተሉ ከማስረጃው የማይታወቅ ከሆነ ድርጊቶቹን በ«ዌን» ከማያያዝ ይልቅ በሁለት የተለያዩ ዓረፍተ ነገሮች በ«ዋዝ» እና በተራ ኃላፊ ጊዜ መግለጽና ያልታወቀውን ቀን ሳይጠቅሱ ማለፍ ይገባል።

7. ጽሑፉ ከመቅረቡ በፊት የሚደረግ ማጣሪያ

አስጎብኚ፣ ተርጓሚ፣ ተማሪ ወይም የአርበኛ ቤተሰብ ያዘጋጀውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ከማስረከቡ በፊት የሚከተሉትን ነጥቦች ቢያረጋግጥ ጠቃሚ ነው።

- የሁነቶቹ ቀናት በኢትዮጵያ አቆጣጠር በቅደም ተከተል ተዘርዝረው፣ እያንዳንዱ ለብቻው ወደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ተለውጧል።
- ለእያንዳንዱ «ሃድ» የሚለካበት ያለፈ ድርጊት ወይም ቀን በጽሑፉ ውስጥ ይገኛል።
- በ«ዌን» በተያያዙ ድርጊቶች ውስጥ የቀደመው ድርጊት በ«ሃድ» ተለይቷል።
- ከ«ሃድ» በኋላ የመጣው ግሥ በሦስተኛ ቅርጹ ተጽፏል።
- በአማርኛው ረቂቅ ያሉ «ነበር» የሚሉ ቃላት ማንነትን፣ ልማድን፣ ዕቅድን ወይም ቀዳሚ ድርጊትን እንደሚያመለክቱ ተለይተው ተተርጉመዋል።
- ካለፈ ሁነት የሚቆጠር ጊዜ በ«አጎ» አልተገለጸም።
- ድንበር ማለፍን፣ ውል መፈረምን፣ ውል መሰረዝንና ጉዳት ማድረስን የሚገልጹ ዓረፍተ ነገሮች ለብቻቸው ተነብበው፣ ማን ምን እንዳስቀደመ ታሪኩን ለማያውቅ አንባቢ ግልጽ መሆኑ ተረጋግጧል።

በመጨረሻው ነጥብ ላይ የሚጠፋው ጊዜ ከሁሉም ይበልጥ ዋጋ ያለው ነው። የውጭ አገር አንባቢ ወልወልን፣ ዶጋሊንና መቅደላን የሚያውቀው ከፊቱ በቀረበለት ጽሑፍ በመሆኑ፣ በግሥ ጊዜ የተፈጠረውን መዛባት ከሌላ እውቀቱ አስታርቆ ሊያነብ አይችልም።